እጄን ሳልታጠብ የተለካው ስኳር

ሰው ሲታመም ይተኛል። እኔ ሲያመኝ መተኛት ቀርቶ መቀመጥም አቃተኝ። ድሮም አንድ ቦታ የምረጋ ልጅ አልነበርኩም፤ እናቴ ገና ሆዷ ውስጥ ሆኜ ስራገጥ እንደነበር ዛሬም ላገኘችው ሰው ታወራለች። ስለዚህ ማታ ማታ እግሬን ሲጨመድደኝና ከአልጋ ዘልዬ ስነሳ ማንም አልገረመውም። እኔም አልገረመኝም። መገረም የጀመርኩት ኋላ ነው፤ ከጀመርኩ ወዲያ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ምሕረት እባላለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኜ ነጥብ አልመጣልኝም። ከዚያ ወዲህ አርባ ምንጭ ሲቀላ ውስጥ አንድ ጁስ ቤት እሠራለሁ፤ አራት ዓመት ሆነኝ። የሕክምና ትምህርት የለኝም። የምጽፈው በራሴ የደረሰውንና ሐኪሞች እንዲገባኝ አድርገው የነገሩኝን ነው። ያልገባኝን አልጨምርም።

ሥራዬ ፍራፍሬ መላጥ ነው። ጠዋት ማንጎ እጀምራለሁ፣ ከዚያ ሙዝ፣ ከዚያ ፓፓያ። እስከ ማታ እጄ አይደርቅም። መፍጫው ሥር የሚቀረውን ጁስ ደግሞ መድፋት እኛ ጋ ነውር ነው፤ የሠራተኛ ድርሻ ስለሆነ እንጠጣዋለን። ደንበኛ በበዛ ቀን ምሳ የሚባል ነገር የለም፤ ያቺ የመፍጫ ትራፊ ምሳዬ ነበረች። ብዙ ቀን ቁርሴም እሷው ነበረች። ፍራፍሬ ያሳምማል ብሎ ማን ያስባል?

ሕመሙ ከባቴ ጀመረ። ተኝቼ እያለሁ ባቴ ድንጋይ ይሆንና አልፈታ ይላል። ቀጥሎ ጣቶቼ ላይ እንደ ጉንዳን የሚሄድ ነገር መጣ። የግራ ዓይኔ ቆብ ያለ ምክንያት ይርገበገባል፤ አንዱ ደንበኛ የጠቀስኩት መስሎት ስልክ ቁጥሩን ጽፎልኝ ሄዷል። ምግብ ከበላሁ በኋላ እንደተደበደበ ሰው እዝላለሁ፣ ውሃ ብጠጣ ብጠጣ አልረካም። አንገቴ ዙሪያውን ጠቆረ። እናቴ ገላሽን በደንብ አትታጠቢም ብላ በሎሚና በጨው ፈተገችኝ፤ ቆዳዬ ተላጠ እንጂ ጥቁረቱ ንቅንቅ አላለም።

ክሊኒክ ለክሊኒክ ዞርኩ። መጀመሪያ ወባ ተባለ፤ ደሜ ሲታይ ወባ የለም። ከዚያ ታይፎይድም ታይፈስም አለብሽ ተብዬ የዐሥር ቀን መድኃኒት ዋጥኩ። ከዚያ ነርቭ ነው ብለው መርፌ ወጉኝ። ከሁሉም በፊት ደግሞ የቆየ የጨጓራ ሕመም ነበረብኝ፤ ለእሱ የታዘዘልኝን እንክብል ጠዋት ጠዋት እውጥ ነበር፣ ሲያልቅብኝ ራሴ እየገዛሁ። እሱን ግን ከመድኃኒት አልቆጥረውም ነበር፤ እንደ ጥርስ መፋቂያ ነበር ለእኔ።

እውነቱን ልናገር፣ የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስኳር። አባቴ የጨንቻ ሰው ነው፣ ሸማኔ ነበር። ነበር የምለው ከሦስት ዓመት በፊት ቀኝ እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ስለተቆረጠ ነው። ሚስማር ወግቶት ሦስት ቀን ሙሉ አልተሰማውም፤ ስኳሩ የእግሩን ስሜት ቀድሞ ወስዶበት ነበር። ሽመና በእጅ ብቻ የሚሠራ ለሚመስለው ሰው ልንገረው፤ ሸማኔው ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ መርገጫውን የሚረግጠው በሁለት እግሩ ነው። አባቴ ዕቃውን ለወንድሙ ልጅ ሰጥቶ በረንዳ ላይ ተቀመጠ። እኔ ደግሞ ባቴ በያዘኝ ቁጥር የማየው የእሱን እግር ነበር። ለማንም ግን አልተናገርኩም።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ቆሜ እየላጥኩ ዞረብኝ። ሽርጤን እንኳ ሳልፈታ እዚያው ሰፈር ወዳለ አንድ ክሊኒክ ገባሁ። ስሙን አልጠራም፤ የሠሩት ስህተት ሌላም ቦታ ሊሠራ የሚችል ነው። ባለሙያው ጣቴን በአልኮል ጠረግ አደረገና ወጋ፤ ጠብታዋን ለማሽኑ አስላሳት። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት። ቀና ብሎ ሳያየኝ ስኳር ነው አለኝ። ድጋሚ አይለካም ወይ ስለው ማሽን አይዋሽም ብሎ ሁለት ዓይነት ክኒን ጻፈልኝ። አልተከራከርኩም። እኔ፣ በሰባራ ሳንቲም መልስ ከታክሲ ረዳት ጋር የምጣላው ልጅ፣ ዝም ብዬ ወጣሁ። ስጠብቀው የኖርኩት ነገር ስለነበር መጣ አልኩ እንጂ እውነት ይሆን አላልኩም።

ቤት ገብቼ ስነግራቸው አባቴ የያዘውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መልሶ አስቀመጠ።

«እኔ ነኝ የሰጠሁሽ» አለ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን እህል በግድ ነው የቀመሰው። እናቴ ሀለኮ፣ ሌላው አገር ሽፈራው የሚለውን ቅጠል፣ በድስት እየቀቀለች ውሃውን ታጠጣኛለች፤ በመሐል ደግሞ እሱን ትቆጣዋለች። አንድ ክንድ መሬት ሳታወርሳት በሽታ አወረስኳት ብለህ ትኮራለህ ወይ ትለዋለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቅ ነበር።

እኔም ምግብ ፈራሁ። ክኒኑን በሰዓቱ እውጣለሁ፣ ምግቡን ግን እተዋለሁ፤ ካልበላሁ ስኳሩ የሚወርድ መስሎኝ ነው። በአራተኛው ቀን ጁስ ቤት ማንጎ እየላጥኩ ላብ አጠመቀኝ። እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ልቤ ደረቴን ይደበድባል፣ ደንበኛው አቮካዶ ሲለኝ ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ጠፋብኝ። ቢላዋው ወደቀ፣ እኔም ተከተልኩት።

ዓይኔን ስገልጥ ጋሽ ሸምሱ ከላዬ ናቸው። የጁስ ቤቱ ባለቤት ናቸው፣ ከስልጤ መጥተው እዚህ ያረጁ ነጋዴ። ብርጭቆ ሙሉ የማንጎ ጁስ ከንፈሬ ላይ ደግነውብኛል።

«ስኳር አለብኝ፣ ይገድለኛል» አልኳቸው።

«ካልጠጣሽ እኔ እገድልሻለሁ» አሉኝ።

ግማሹን ጠጣሁ፣ ግማሹን እጄና ደረቴ ላይ ደፋሁት። ባለቤታቸው ለብዙ ዓመት የስኳር ሕመምተኛ ስለሆኑ ነገሩ ገብቷቸው ነበር፤ ክኒን ውጦ ሳይበሉ መዋል ስኳርን ከሚገባው በታች እንደሚጥለው ኋላ አስረድተውኛል። በደቂቃዎች ውስጥ ዓለም ቀለሟን ይዛ ተመለሰች። ባጃጅ አስቁመው ሆስፒታል ወሰዱኝ።

ድንገተኛ ክፍል አንዲት ልጅ እግር ነርስ ጣቴን በአልኮል ጠርጋ ለካችኝ። ሦስት መቶ አርባ ስድስት። ኢንሱሊን የሚል ቃል ሰማሁ፤ ሰው ተጠራ። አባቴም የሚወጋው እሱን ነው፣ በየጠዋቱ። ልጅቷ መርፌውን ስታዘጋጅ ሲስተር ዘነበች የሚሏት ትልቅ ሴት መጣችና የደም ሥር ልትፈልግ እጄን ያዘች። ያዘችና ቆመች። እጄን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች።

«ምን ትሠሪያለሽ አንቺ?»

«ጁስ ቤት።»

«ተነሺ፣ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ።»

ቆሻሻ ነሽ ያለችኝ መስሎኝ ተናደድኩ። ግን ከጋሽ ሸምሱ ጋር ቧንቧው ጋ ሄድኩ፤ በሳሙና ሁለት ጊዜ እስከ ክንዴ ታጠብኩ። ሲስተር በንጹሕ ጨርቅ አደረቀችኝና ሌላ ጣቴን ራሷ ወጋች።

ሰማንያ አንድ።

ልጅቷ የያዘችውን መርፌ ቀስ አድርጋ ሰሃኑ ላይ መለሰችው። እኔ ጣቶቼን አገላብጬ አያለሁ። ያው ሰው፣ ያው ደም፤ በመሐል ያለፈው ሳሙና ብቻ። ሲስተር ዘነበች ወደ ልጅቷ ዞራ፣ አልኮል ጀርም ይገድላል እንጂ ማንጎ አያጥብም አለቻት፤ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ጠብታዋ ትንሽ ስለሆነች፣ ቆዳዬ ላይ የደረቀ የማንጎ ስኳር ቅንጣት ከነካት ማሽኑ ያንንም ደምሮ እንደሚናገር ያስረዳችኝ እሷ ናት። ያ መርፌ ተወግቶብኝ ቢሆን ኖሮ የወረደውን ስኳሬን የት እንደሚያደርሰው ሳስብ ዛሬም ይቀዘቅዘኛል።

ክሊኒክ የተለካውም እንደዚሁ በማንጎ እጄ እንደነበር ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። እንግዲያው ስኳር የለብኝም ማለት ነው ብዬ ከአልጋው ልወርድ ስል ሲስተር ትከሻዬን ይዛ አስቀመጠችኝ። እሱን ገና አላልኩም አለችኝ።

ዶክተሩ ወጣት ነው፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፤ እኔን ለመሰለ ችኩል ሰው መቅሰፍት ነው። ሻሼን ገለጥ አድርጎ አንገቴን አየ። ይሄ ቆሻሻ አይደለም አለኝ። ሰውነት ስኳርን ወደ ሥጋ የሚያስገባው ኢንሱሊን እንደ ልብ አልታዘዝ ሲል አንዳንድ ሰው ላይ አንገት እንዲህ ይጠቁራል። እናቴ በጨው የፈተገችው ከውስጥ የመጣ ነገር ነበር። ክኒኖቹን አስቁሞኝ፣ በሌላ ሳምንት ከማታ ጀምሮ ከውሃ በቀር ምንም ሳልቀምስ እንድመጣ፣ ቤት ያለውን መድኃኒትም ሁሉ በፌስታል ይዤ እንድመጣ አዘዘኝ።

በቀጠሮዬ ቀን ተራ ስጠብቅ አግዳሚው ላይ አጠገቤ ከምዕራብ ዓባያ የመጡ እናት ነበሩ። ጉልበቴ እንደ ልማዱ ይዘላል። እሳቸው እጃቸውን ጉልበቴ ላይ ጫን አደረጉና፣ ልጄ እኛንም እያስጋለብሽን ነው አሉኝ። ሳቅሁ። እስከምጠራ ድረስ እጃቸውን አላነሱትም፤ እኔም እንዲያነሱት አልፈለግሁም።

ከክንዴ ደም ተቀዳ። ሌላው ሰው ሄዶ ይቀመጣል፣ እኔ የላብራቶሪውን መስኮት ተደግፌ ቀረሁ። ባለሙያው ሂጂ ቢለኝ እምቢ አልኩ፤ በመጨረሻ ሰልችቶት ይሁን አዝኖልኝ ከሚሽከረከረው ማሽን ያወጣውን ብልቃጥ በመስታወቱ አሳየኝ። የእኔ ደም ነው። ከታች ጥቁር ቀይ፣ ከላይ ደግሞ እንደ ጠጅ የጠራ ብጫ ውሃ፤ በመሐላቸው ቀጥ ያለ መስመር። አራት ዓመት ሙሉ ማንጎ ላይ አቮካዶ በማንኪያ እየደረብኩ ስፕሪስ ሠርቻለሁ፤ እንደዚያ ቀጥ ያለ መስመር አንድ ቀን አልወጣልኝም። ስኳርሽንም ማዕድንሽንም የምናነበው ከላይኛው ነው አለኝ። ማዕድን ሲል ድንጋይ የሚቆፈርበት ነገር መሰለኝ። እንደዚያው ነው አለ፤ ብረት፣ ካልሲየም፣ ማግኒዝየም፣ ዚንክ፣ አፈርና ድንጋይ ውስጥ ያለው ሁሉ በልክ በልኩ አንቺም ውስጥ አለ። መስኮቱን ለቅቄ መሄድ አቃተኝ። እኔ ራሴን ሥጋና ንዴት ብቻ አድርጌ ነበር የማስበው።

የስኳሩ ውጤት በማግስቱ ደረሰ። የማግኒዝየሙ ምርመራ ግን እዚህ ስለማይሠራ አዲስ አበባ ተላከ፤ ዐሥር ቀን ጠበቅሁ። ከዚያ ዶክተሩ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ዘረጋልኝ። ሳልበላ የተለካው ስኳር መቶ አሥራ ሦስት ነው። ከመቶ በታች ቢሆን ጤና፣ ከመቶ ሃያ ስድስት ጀምሮ ቢሆን በሽታ ይባል ነበር። ያለፉትን ሦስት ወራት አማካይ የሚያሳየው ደግሞ ስድስት ነጥብ አንድ፤ እሱም መሐል ላይ ነው። ስሙ ቅድመ ስኳር ይባላል። የአባትሽ መንገድ ላይ ነሽ፣ ግን አልደረስሽም፤ ከዚህ ወደ ፊትም ወደ ኋላም መሄድ ይቻላል አለኝ። ወደ ኋላ የሚለውን ሦስት ጊዜ አስደገምኩት።

ማግኒዝየሜ አንድ ነጥብ አንድ ነበር። ቢያንስ አንድ ነጥብ ሰባት መሆን ነበረበት። ልዩነቱ ጥፍር ላይ የማይታይ ነገር ነው፤ ያቺ ስትጎድል ግን ጡንቻ ከያዘ አይለቅም፣ የዓይን ቆብ ይርገበገባል፣ ኢንሱሊንም ሥራው ይከብደዋል። ከዚያ ዶክተሩ ፌስታሌን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠው። ታይፎይዱን አለፈ፣ ቫይታሚኑን አለፈ፣ የጨጓራውን እንክብል አነሳ።

ከመቼ ጀምሮ እንደምውጥ ጠየቀኝ። ሁለት ዓመት አልኩት። ማን እንዳዘዘው ጠየቀኝ። መጀመሪያ ለአንድ ወር ሐኪም፣ ከዚያ ወዲህ እኔ አልኩት። ብዕሩን አስቀመጠ። ይሄ መድኃኒት ለጊዜው ጥሩ ነው፣ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ግን አንዳንድ ሰው ላይ አንጀት ማግኒዝየምን ከምግብ እንዳይወስድ ያደርጋል አለኝ። ስኳር ከልኩ ሲያልፍም ማግኒዝየም በሽንት ይወጣል። የትኛው ቀድሞ የትኛውን እንዳባሰ ግን ማንም በእርግጠኝነት ሊነግርሽ አይችልም አለ። ስለማያውቀው ነገር አላውቅም ያለኝ የመጀመሪያው ሐኪም እሱ ነው፤ ያመንኩትም ለዚያ ይመስለኛል። ለሆዴ የዋጥኩት ባቴን ሲይዘኝ፣ ለጥማቴ የጠጣሁት አንገቴ ላይ ሲጻፍ፣ እኔ የተለያየ በሽታ ይመስለኝ ነበር።

መዳኑ እንደ ፊልም አይደለም። እንክብሉን በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ስተው ሦስት ሳምንት ሆዴ ተቃጠለ። የማግኒዝየም ክኒኑ ሽንት ቤት አመላለሰኝ፤ መጠኑ እስኪስተካከል ድረስ ከቤት ርቄ መሄድ ፈርቼ ነበር። የከበደኝ ግን የመፍጫውን ትራፊ መተው ነው። ጋሽ ሸምሱ መፍጫው አጠገብ ቆመው፣ ትራፊውን ወደ አፏ የምትወስድ ልጅ ካዩ ነጥቀው ራሳቸው እንደሚጠጡት ዛቱ፤ ሁለት ቀን ጠጡት፣ በሦስተኛው ቀን አሁንስ እኔንም ልትገድሉኝ ነው ብለው መፍጫው በልክ እንዲሞላ አዘዙ። ምሳ በሰዓቱ መብላት ጀመርኩ፤ ከበቆሎ ዱቄትና ከሀለኮ የሚድቦለቦል ኩርኩፋ፣ ባቄላ፣ ሽሮ። እናቴ ሐኪሙ ሀለኮ ብዪ አለኝ ስላት ደስታዋን መሬት አልቻለውም፤ ቅጠሉ ምግብ እንጂ መድኃኒት አይደለም፣ ሌላውን እንዳትተዪ ማለቱን ግን ልትሰማኝ አልፈለገችም። ከሥራ በኋላ ከሲቀላ ወደ ላይኛው ሰፈር ወደ ሴቻ ዳገቱን በእግሬ እወጣለሁ። መቀመጥ የማይችል ገላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመኝ።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ነቃሁና እግሬ ማታ እንደተኛሁበት ሆኖ አገኘሁት። አልጋው ላይ ቁጭ ብዬ ለረጅም ጊዜ አየሁት።

ይህን የሚያነብ ሰው ካለ፣ ጣትህን ከመወጋትህ በፊት እጅህን በሳሙናና በውሃ ታጠብ፤ አንቺም፤ በተለይ ማንጎ፣ ሙዝ፣ ሸንኮራ የምትነኩ። አንድ ቁጥር ሰምታችሁ ዕድሜ ልካችሁን አትወስኑ፣ ከክንድ ይቀዳልኝ በሉ። የጨጓራ እንክብል ስንት ወር እንደዋጣችሁ ቁጠሩ፣ ግን በራሳችሁ አታቁሙ፣ ጠይቁ። አንገታችሁን ደግሞ በጨው አትፈትጉ።

በስድስተኛው ወር ድጋሚ ተቀዳሁ። ሳልበላ ዘጠና ስድስት። የሦስት ወሩ አምስት ነጥብ ስድስት። ማግኒዝየሙ አንድ ነጥብ ዘጠኝ። ዶክተሩ ተመልሰሻል አለኝ፤ ግን መንገዱ አልተዘጋም፣ በየዓመቱ እንገናኛለን አለ።

ከሆስፒታል በቀጥታ ወደ ቤት ሄድኩ። አባቴ በረንዳው ላይ ነበር። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩለት። አንብቤ ስጨርስ ምንም ደስታ ፊቱ ላይ አላየሁም። ወረቀት እሱንም አንድ ጊዜ ደህና ነህ ብሎት እንደሚያውቅ ነገረኝ። ከዚያ ጫማሽን አውልቂ፣ ዓይንሽንም ጨፍኚ አለኝ፤ ከጋቢው ጫፍ አንድ የጥጥ ክር መዘዘ።

ምን ሊያደርግ እንደሆነ ገባኝ። እሱ ሐኪም ቤት በሄደ ቁጥር የቀረውን እግሩን በቀጭን የፕላስቲክ ክር እየነኩ ይሰማሃል ወይ ይሉታል። አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ፤ ብዙውን ጊዜ የሚመልሰው በግምት ነው።

ዓይኔን ጨፈንኩ። ክሩ ከዝንብ እግር ይቀልላል።

«አውራ ጣቴ» አልኩት። ዝም አለ። «ተረከዜ።» ዝም። «የትንሿ ጣቴ ሥር።»

ከዚያ ብዙ ቆየ። ምንም የለም። አንድ ቦታ ነክቶ መልሴን እየጠበቀ ይሆናል፣ ልገምትለትም ዳዳኝ። አልገመትኩም።

«አሁን ምንም አይሰማኝም፣ አባዬ።»

«አልነካሁሽማ» አለኝ።

ዓይኔን ስገልጥ ክሩን በሁለት ጣቱ ይዞ እጁን ጉልበቱ ላይ አሳርፏል። ትንፋሹን በረጅሙ ለቀቀ።

«ሌላውን እግርሽን አምጪ» አለ።